ሁልጊዜ ጠዋት የሆነበት መስኮት

ይህ ነገር በእርግጥ ደርሷል።

እኔ ወሬ ሳቀባብል የኖርኩ ሰው አይደለሁም፤ የሰማሁትንም ሳላጣራ ለሌላ አላስተላልፍም። ይህን ግን ከባለታሪኳ አንደበት ሰምቼዋለሁ። 

ቦታው ጅዳ ነው። ዕለቱ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ግድም።

ጨለማ አልነበረም... ፀሐይ አስፋልቱን የምታቀልጥበት፣ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ የሚያርፍበት ሰዓት ነበር።

አምሳለ የወልዲያ ልጅ ናት፤ በአንድ የሳዑዲ ቤተሰብ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ዕድሜዋ ሠላሳን ተሻግሯል። ከሀገሯ ስትወጣ ይዛው የወጣችው ምኞት አንድ ነበር፤ ተመልሳ በቁርባን ማግባት።

በስልኳ በከፈተችው የትዳር መፈላለጊያ ገጽ ላይ አንድ ሰው ሰላም አላት። ዮሐንስ እባላለሁ አለ።

«የምሠራው መካ ነው፤ ሚስፈላ ሰፈር፣ ሆቴል ውስጥ።»

«ክርስቲያን ሆነህ መካ እንዴት ገባህ?»

«ኢቃማዬ ላይ አብዱልሃሚድ ነኝ። ለእንጀራ ብዬ ስሜን ለወጥኩ። ለማንም እንዳትነግሪ... ነፍሴን በእጅሽ ነው ያስቀመጥኳት።»

አመነችው። ወደዚያ አገር ለመግባት ስማቸውን የለወጡ ሰዎችን ታውቃለች። ደግሞም ምስጢሩን ለእርሷ ብቻ የሰጣት መሰላት።

የእርሷ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀቷ፣ ግን ክርስቲያን ይላታል። መካ መግባት አትችልም። ሄዳ ልታየው፣ ጠይቃ ልታጣራው አትችልም ማለት ነው።

ሰውየው ያን ከተማ የመረጠው ለዚህ ይሆናል ብላ ያን ጊዜ አላሰበችም።

አልፎ አልፎ በቪዲዮ ይደውላል። ጠይም፣ መልከ መልካም ሰው ነው። ከጀርባው ነጭ ግድግዳ፣ በግድግዳው ላይ መስኮት፣ በመስኮቱ የጠዋት ፀሐይ።

ፈገግ ይላል... ቅንድቡን በጣቱ ይዳብሳል... ወደ መስኮቱ ዘወር ብሎ ይመለሳል።

ከዚያ ይቋረጣል። «ኔትወርኩ ነው» ይልና በድምፅ ብቻ ይቀጥላል።

አንድ ቀን የመግሪብ አዛን ካለፈ፣ ሰማዩም ከጠቆረ በኋላ ደወለ።

በመስኮቱ የጠዋት ፀሐይ ትታያለች።

«እናንተ ዘንድ አይመሽም እንዴ?» አለችው እየሳቀች።

ፈገግ አለ... ቅንድቡን ዳበሰ... ወደ መስኮቱ ዘወር ብሎ ተመለሰ።

ተቋረጠ።

«የሆቴሉ መብራት ነው» አላት ቆይቶ፣ በድምፅ።

እናንተ የምታነቡ ልጆች ሆይ፣ ይህቺን መስኮት ልብ በሉልኝ። እርሷ ልብ አላለቻትም።

ጥቂት ሰነበተና እንዲህ አላት፦ «የተሻለ ሥራ አግኝቼልሻለሁ። ዓርብ ማዳምሽ እናቷ ቤት ስትሄድ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ኢቃማሽን ያዥና ውጪ። ለፋሲካ አብረን ሀገራችን እንገባለን።»

የቤቱን ሎኬሽን ላከችለት።

ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ በማታውቀው ሰው መኪና የገባች ሴት የት ደረሰች ብሎ የሚጠይቅላት የለም። ይህንንም ታውቃለች። ግን ፋሲካ ብሏት ነበር...

በጎረቤት ቤት የምትሠራ ፈቲያ የምትባል የወሎ ልጅ አለች። ሁለቱ ከሰገነት ሰገነት እየተያዩ ይጨዋወታሉ። ሐሙስ ዕለት ፈቲያ ከማዳሟ ጋር ለዑምራ ወደ መካ ልትሄድ ተነሣች።

«ምን ዱዓ ላድርግልሽ?» አለቻት።

«ባል።»

«ኧረ እቴ! ላንቺ ለመራጯ? አላህንስ ለምን አስቸግራለሁ?»

አምሳለ ስትስቅ ምስጢሩ አመለጣት። የሰውየውን ፎቶ ላከችላት፤ ሁልጊዜ ጠዋት ስለሚታይበት መስኮትም ነገረቻት።

«ሚስፈላ ካየሽው... ማየትሽን ብቻ ንገሪኝ። እንዳታናግሪው።»

«ደብቀሽኝ ኖሯላ! አንቺ ሌባ!»

ዓርብ ቤቱ ጭር አለ። አምሳለ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ግቢው ወረደች። ከሰማያዊው የብረት በር ውጭ መኪና ሲቆም ሰማች። እጇን መቀርቀሪያው ላይ አሳረፈች።

ስልኳ ጮኸ። ፈቲያ ናት።

«አምሳለ...» ድምፅዋ ሹክሹክታ ነው። «የት ነሽ?»

«በር ላይ።»

«የምን በር?»

«ልወጣ ነው... መጥቶልኛል።»

«አትክፈቺ! ወላሂ አትክፈቺ!»

«ምን ሆነሻል?»

«ሚስፈላ ባለ ሱቁን ሁሉ ፎቶውን እያሳየሁ ጠየቅሁ። አንዱ አይቶት አለቀሰ። ሙዘሚል ይባላል፤ ወንድሙ ነው። ስሙ ዮሐንስ አይደለም... ሳቢር ነው።»

«እሺ፣ ስሙን ቢዋሽስ...»

«ሞቷል፣ አምሳለ! አምና በእጄ ቀበርኩት ነው ያለኝ። መስኮት ያለበትን ቪዲዮ ነገርኩት፤ ለእህታቸው የቀረጸው ነው አለ። ስልኩን በሞተ ዕለት ሰርቀውታል።»

አምሳለ ስልኩን ከጆሮዋ ጋር አጣበቀች።

«በቪዲዮ ከደወለ ምስሉን ከስክሪኑ ላይ አንሺው፤ ወንድሙ ያየዋል። አንቺ ብቻ አትክፈቺ።» ጥሪው ተቋረጠ።

በሩ ተንኳኳ።

«አምሳልዬ... ዮሐንስ ነኝ። ክፈቺ።»

ያው ድምፅ። ለወራት ያስተኛት፣ ያነቃት ድምፅ።

በበሩ ስንጥቅ አየች። ወፍራም፣ ከዚህ ቀደም አይታው የማታውቀው ሰው ነው። ሁለት እጆቹ በሩ ላይ ናቸው።

በዚያች ቅጽበት ስልኳ በእጇ ውስጥ ተርገበገበ። የቪዲዮ ጥሪ... ከዮሐንስ።

እንደገና በስንጥቁ አየች። ሰውየው ስልክ አልያዘም።

ጣቷ ሳታዘው ጥሪውን ከፈተው።

ሳቢር ነበር። ፈገግ አላለም... ቅንድቡን አልዳበሰም... መስኮቱ የለም። ነጭ፣ ዓይን የሚወጋ ብርሃን ብቻ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም።

ከዚያ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

ቀስ ብሎ... ወደ ቀኝ... ወደ ግራ።

አትክፈቺ።

ፈቲያ እንዳለቻት ምስሉን አነሣችው። መቀርቀሪያውን በትከሻዋ ገፍታ አጠበቀችና እዚያው ቁጭ አለች። በሩ ብዙ ተደበደበ። ድምፁም እየተለወጠ፣ ከልመና ወደ ስድብ ሄደ። በመጨረሻ መኪናው ተነሥቶ ራቀ።

በማግስቱ ከፈቲያ በተቀበለችው ቁጥር ምስሉን ለሙዘሚል ላከችለት።  ኋላ ደወለላት።

«እህቴ፣ ወንድሜ ነው። ይህን ግን ለእህታችን አልቀረጸውም። የት እንደ ቆመ አላውቅም።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ከኋላው ያለችው ሴትዮ ማናት?»

«የምን ሴትዮ?»

አምሳለ ምስሉን አጎላችው።

ከሳቢር ትከሻ በስተኋላ በፀሐይ ያበራ ሰማያዊ የብረት በር አለ። በበሩ ሥር ጀርባዋን የሰጠች ሴት ቆማለች። እግሯ ሥር ሻንጣ አለ። አንድ እጇ ስልክ ይዟል።

ሌላው እጇ መቀርቀሪያው ላይ ነው።