ለሃምሳ አራት ሰው የተጠየቀች ልጅ

የልጅ ልጄን የምሥራችን ከኦርኬስትራው ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ «ምነው ኤልፍነሽ?» ይለኛል። ምነው ይበሉኝ! እኔ ያየሁትን አላዩ።

ሲጀመር ምንም አልነበረም። በፈረንጆቹ ሰማንያ አንድ፣ እዚሁ በስደት በምንኖርባት ታከር በምትባል ከተማ፣ ዘጠኝ ሰዎች እሑድ ከሰዓት በአንድ ትምህርት ቤት የምግብ አዳራሽ ተሰብስበው መጫወት ጀመሩ። የጥርስ ሐኪም፣ ፖስታ አዳይ፣ ጡረተኛ፤ ሁሉም በነፃ። የምሥራችም ትምህርት ቤት የተማረችውን ክላርኔት ይዛ ገባች። በአምስት ዓመት እሷን ሳይቆጥር ሃምሳ አራት ሆኑ። ሮዝዌል የሚባል ከተማ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሊጫወቱ ነው ተባለ። ይሁን። እኔን ያቃጠለኝ ሃምሳ አራተኛው ነው።

ይገዙ ይባላል፤ ከገባ ዓመቱ ነው። ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል፤ ባስ የሚሉትን ሰው የሚያህል ባለ ክር መሣሪያ ዳትሰን መኪናው ጣሪያ ላይ አስሮ ይመጣል። አንድ እሑድ ልምምዳቸውን ለማየት ሄድኩ። የሱ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ዝም ነው የሚለው፤ ሌሎቹ ሲጫወቱ ተራውን ይጠብቃል። ልጁ ግን የኖታ ወረቀቱን አያይ፣ መሪውን አያይ። ዝምታውን በሙሉ እሷን እያየ ጨረሰው። እሷም ክላርኔቱን ከአፏ ባወረደች ቁጥር ወደሱ ዘወር!

«ማነው እሱ?» አልኳት መኪና ውስጥ።

«ባስ ተጫዋቹ ነው፣ እማማ።»

«የሚጫወተውን አልጠየቅኩሽም። የማን ልጅ ነው? የመኖሪያ ወረቀት አለው?»

«ኦ ማይ ጋድ! እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ዓመት ሙሉ ስትተያዩ አልጠየቅሽውም? በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ልምምድ የለም!»

እናቷን ሱዳን ቀብሬ፣ እጇን ይዤ ያመጣኋት ልጅ ናት። እንዴት ዝም ልበል?

በሳምንቱ እሑድ በር ተንኳኳ። ክራባት ያሰሩ ሦስት ሽማግሌ ፈረንጆች ቆመዋል። ፊት ያሉት የኦርኬስትራው መሪ ሚስተር ዊልከርሰን ናቸው። የኔ እንግሊዝኛ ከሰላምታ ስለማያልፍ ይገዙን አስተርጓሚ ብለው ከኋላ አስከትለውታል። ቁጭ በሉ ብል አልቀመጥም አሉ።

ሚስተር ዊልከርሰን ጉሮሯቸውን ጠርገው ተናገሩ። ይገዙ ቃል በቃል ተረጎመው፦

«ልጅዎን እንዲሰጡን ልንለምን መጣን ይላሉ።»

ሦስት ሽማግሌ፣ በእሑድ፣ ቆመው! ለራሱ ሽማግሌ ራሱ ሊያስተረጉም! ድፍረቱ!

«ለማን ነው የምትጠይቁት?» አልኩ እንደ ወጉ።

ሰውየው ፈገግ ብለው መለሱ።

«ለሃምሳ አራታችንም፣ ይላሉ።»

«ለስንት?!»

ስታለቅስ የሰነበተችው ልጅ ኩሽና ውስጥ በሳቅ ፈነዳች። ይገዙም ያኔ ገባው፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ይቅርታ እማማ፣ ለኮንሰርቱ ፈልገዋት ነው እንጂ ለሽምግልና አልመጡም።» ጫማውን እያየ፣ «ሽማግሌ ልልክ ግን አስቤ ነበር። ፈራሁዎት» አለኝ።

የተፈጠረውን በእንግሊዝኛ ሲነግራቸው ሚስተር ዊልከርሰን ኮታቸውን ቆለፉና እንደገና ተናገሩ። ይገዙ ሳይተረጉም ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ምን አሉ?»

«ስለኔ ስለሆነ እኔ መተርጎም አልችልም።»

የምሥራች ዓይኗ እንዳበጠ ወጥታ ፊቴ ቆመች።

«አንድ ቀን ከልምምድ ቀርቶ አያውቅም ይላሉ። ለአሮጊቶቹ ወንበር የሚያነሳላቸው እሱ ነው ይላሉ። ሰው ሲናገር አያቋርጥም ይላሉ። ስለ እናቱ ሲያወራ ድምፁ ይቀንሳል ይላሉ። ሳቁን በእጁ ይሸፍናል፣ ባይሸፍነው ጥሩ ነበር ይላሉ...»

ሰውየው የተናገሩት ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ እሳቸው ናቸው ያሉት?»

አቀረቀረች። «ከወንበሩ ወዲህ ያለው የኔ ነው፣ እማማ።»

ምን ይባላል? ወጉ «አስበን እንነግራችኋለን» ነው። ማን ያስብ? እሷ አስባ ጨርሳለች!

«ሂጂ፣ ልምምዱ ይረፍድብሻል» አልኳት። ወደ ልጁ ዞርኩ። «አንተ ደግሞ ለሳምንት አማርኛ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ይዘህ ና። እንዳትቀር!»

በቁጣ ነው ያልኩት። እሱ ግን እጄን ሳመ።