እገሌ ወልደ እገሊት

ኮከብ ማስቆጠር ሲባል ስሰማ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ ይኸን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ጎንደር የመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር፣ ሁለትና ሁለት አራት ነው ብዬ የማድር፣ ጠዋት ስነሣም አራት መሆኑን የማረጋግጥ ዓይነት ደረቅ ሰው። ቡዳ፣ ዛር፣ ሟርት የሚባለው ነገር በደጄ አልፎ አያውቅም፣ ቢያልፍም ሰላም አልለውም ነበር። አሁን የማጫውታችሁን ሌላ ሰው ቢያጫውተኝ ኖሮ፣ እመኑኝ፣ «ወንድሜ፣ ጠጁ የማን ቤት ነበር?» ብዬ ነበር የምጠይቀው።

ነገሩ የመጣው በመጽሐፍ በኩል ነው። በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ነበርኩና ግእዝ እችላለሁ፣ ይኸን የሚያውቅ አንድ የአዲስ አበባ ወዳጄ፣ ማተሚያ ቤት የሚሠራ፣ «የከዋክብቱ መጽሐፍ ብራናው በአይጥና በእርጥበት አለቀ፣ የሚያውቁት ሽማግሎችም እያለቁ ነው፣ የዛሬ ሰው በሚገባው አማርኛ መልሰውና እናትመው» ብሎ ጨቀጨቀኝ። ማመን ሌላ፣ ማስቀመጥ ሌላ ነው አልኩና እሺ አልኩ። ሳይበላሽ የቀረው መጽሐፍ የሚገኘው ደግሞ ወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ወጣ ብሎ በሚኖሩት በመሪጌታ አድማሱ ቤት ነበር፣ በጣሊያን ጊዜ ዋሻ ተሸሽጎ የተረፈ ነው፣ እሳቸውም «ከቤቴ አይወጣም፣ የፈለገ እዚሁ ይምጣ» ብለው ላኩብኝ። ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ሄድኩ።

ስሄድ ግን ልቤ ሁለት ቦታ ነበር። ባለቤቴ ደብሪቱ ወሯ ገብቷል። ከዚያ በፊት ሁለት ልጆች ወልደን ሁለቱም ክርስትና ሳይነሡ፣ ስም እንኳ ሳይወጣላቸው ነው የሞቱብን፣ ስለዚህ በቤታችን ስለዚህኛው ልጅ ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም፣ የሕፃን ጨርቅ እንኳ አልገዛንም። አክስቷ እትዬ ብርቄ «ሂድ ባክህ፣ ወንድ ልጅ በር በር እያየ ሲንቆራጠጥ ምጥ ያስፈራዋል» ብለው አባረሩኝ፣ እኔም ከፍልሰታ ፍቺ በፊት እመለሳለሁ ብዬ በጭነት ማኪና ወጣሁ።

ሥራው ከጠበቅሁት በላይ ደስ አለኝ። ለካ ኮከብ ቆጠራ ከላይ ሲያዩት ድምርና ማካፈል ነው! እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፣ የሰውየው የክርስትና ስምና የእናቱ የክርስትና ስም ይደመራል፣ በአሥራ ሁለት ይገደፋል፣ የተረፈው ቁጥር ከአሥራ ሁለቱ ከዋክብት አንዱን ይሰጣል፣ አለቀ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ምሳሌ። መጽሐፉ ስም በሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ «እገሌ ወልደ እገሊት» ይላል፣ እገሌ የእገሊት ልጅ፣ በዚህ ደግሞ ተማሪ አይገባውም። ሒሳብ ያለ ምሳሌ አስተምራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ፣ ግድግዳ እንደ ማስተማር ነው።

ይኸንኑ ለመሪጌታ ነገርኳቸው፣ ለዛሬ አንባቢ አንድ ስም አስገብቼ ደምሬ ላሳይ ነው አልኳቸው። ብርዕ እየቀረጹ ነበር፣ ቢላዋውን አስቀመጡት።

«ምነው ልጄ፣ አባቶች እገሌ ያሉ ስም አጥተው ይመስልሃል?»

«ፈጥሬ ነው እንጂ የሰው ስም አልጽፍም፣ መሪጌታ፤ ማንም የማይጠራበት ስም።»

«ማንም ያልተጠራበት ስም እሱ ነው የሚከፋው» አሉና ቢላዋቸውን መልሰው አነሡ። የሽማግሌ ነገር ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ነው። በፍልሰታ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ መሪጌታም መንደሩም ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፣ እኔ ሥራ አለብኝ ብዬ ቀርቻለሁ፣ የቀረነው እኔና ውሻቸው ነን፣ ይህ ውሻ እንግዲህ እኔን እንኳ ሳምንት ሙሉ ዘነጣጥሎ ሊጥለኝ ሲያጉረመርም የከረመ ነው። የወገራን የነሐሴ ጉም ታውቁት እንደሆነ፣ አጥሩን ቀርቶ ደጃፉ ላይ ያለውን ድንጋይ ይሸፍናል። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ በሚገባው ብርሃን ወረቀቴን ዘርግቼ ምሳሌዬን ጻፍኩ። ለልጁ «ክንፈ ሚካኤል» አልኩ፣ እንዲያው አፌ ላይ የመጣ ስም ነው። ለእናቱ ስም ስፈልግ ግን እጄ «ወለተ ሰንበት» ብሎ ጻፈ። ወለተ ሰንበት የደብሪቱ የክርስትና ስሟ ነው፣ ከእኔና ከንስሐ አባቷ በቀር የሚያውቀው የለም፣ ሐሳቤ ሁሉ እሷ ዘንድ ስለነበር መሰለኝ። ኋላ እለውጠዋለሁ አልኩና መደመር ጀመርኩ።

ስደምር ድምፄን አውጥቼ ነው፣ የአስተማሪ አመል ነው። ጥቂት እንደሄድኩ ከግድግዳው ወዲያ ጭቃ የሚረግጥ እግር ሰማሁ፣ መጣ፣ መጣ፣ ልክ እኔ በተቀመጥኩበት አንጻር ቆመ። ከቅዳሴ የወጣ ሰው ነው ብዬ ቀጠልኩ። አሁን ግን እኔ የምለውን ቁጥር ከኋላዬ ሌላ ድምፅ ዝግ ብሎ ይለዋል፣ የወንድ ድምፅ፣ የደከመው ዓይነት። ዝም አልኩ፣ ዝም አለ። ጀመርኩ፣ ጀመረ። የገደል ማሚቶ ነው እንዳልል የጭቃ ግድግዳ ከመቼ ወዲህ ነው የሚያስተጋባው? በጥድፊያ ደምሬ፣ በአሥራ ሁለት ገድፌ፣ ኮከቡ ጀዲ ነው ብዬ ጻፍኩ።

«አንድ አጉድለሃል» አለ ድምፁ።

መልሼ ደመርኩት። እውነትም አንድ አጉድያለሁ። ኮከቡ ጀዲ ሳይሆን ደለዊ ነው፣ የነፋስ ኮከብ። እመኑኝ፣ የዚያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል ቦምብ ሲዘንብ አልፈራሁም፣ ሰውየው ከግድግዳ ወዲያ ሆኖ የእኔን ወረቀት እንዴት ያያል? ውሻው ተነሣ። ይጮኻል፣ ይገላግለኛል ብዬ ስጠብቅ ጭራውን እየቆላ ወደ በሩ ሄደ።

መቀመጥም አልቻልኩ፣ በሩን ከፈትኩት። ጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ቆሟል፣ ጋቢ የለበሰ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ፀጉሩ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለበት፣ የግራ ቅንድቡ በጠባሳ ለሁለት የተከፈለ። ካፊያው እየወረደ ጋቢው ደረቅ ነው። ውሻው እግሩ ሥር ተኝቶለታል።

«አያ፣ ምነው ጠራኸኝ?» አለኝ።

አያ ለታላቅ ነው የሚባለው፣ ይኸ ሽበታም ሰው እኔን አያ ይለኛል! «እኔ ማንንም አልጠራሁ» አልኩት፣ «ማን ልበል?»

«ክንፈ ሚካኤል።»

«የማን ልጅ?» አልኩ፣ ባልጠየቅሁት።

«የወለተ ሰንበት። ጎንደር ናት አሉኝ፣ ልሄድ ነበር፣ መንገዱ ጠፋኝ። በየት ነው አያ?»

እንግዲህ አስቡት፣ ደብሪቱ እዚያ ጎንደር ወሯ ገብቶ ተኝታለች፣ ይኸ ምንነቱን የማላውቀው ነገር ደጇን ሊጠይቅ ነው። ሁለት ጊዜ ሞት ገብቶ ያየሁት ደጅ ነው። ሦስተኛው ራሱ መጥቶ መንገድ የሚጠይቀኝ መሰለኝ። ጎንደር ወደ ደቡብ ነው፣ እኔ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዳባት ጣቴን ቀሰርኩ። «በዚያ ነው» አልኩት። ሰውየው ፊቴን አተኩሮ አየኝና፣ እንዳመነኝ ያስታውቃል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ በቀሰርኩለት በኩል ሄደ። ውሻው እስከ አጥሩ ሸኘው። ከዚያ ጉሙ ብቻ ቀረ።

መሪጌታ ከቅዳሴ ሲመለሱ በሩ ሥር ተቀምጬ አገኙኝ። ሁሉን ነገርኳቸው፣ ወረቀቱንም አሳየኋቸው። ይቆጡኛል ስል አልተቆጡም፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«በየት በኩል አመለከትከው?»

«በዳባት በኩል።»

«እንግዲያ ይዘገያል» አሉና መጽሐፉን አጥፈው ማኅደሩ ውስጥ ከተቱት። «ነገ ሚስትህ ዘንድ ሂድ ልጄ። ሲመጣ መንገድ አሳሳትከው፣ አሁን ደግሞ አትጥፋበት።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ጎንደር ስደርስ ነው። ደብሪቱ ምጥ የያዛት ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ኖሯል፣ እኔ ስሙን እየደመርኩ ሳለሁ። እኔ እስክደርስ ግን አልወለደችም። ሌሊቱን አድራ፣ ቀኑን ውላ፣ ድምጿ ሁሉ ተዘግቶ ነበር ያገኘኋት። እትዬ ብርቄ ስንቱን ያዋለዱ ሴት ናቸው፣ እንዲያ ሲርበተበቱ አይቻቸው አላውቅም፣ ደጅ ወጥተው እጄን ያዙኝና «አልገባኝም እኮ፣ መጣ ስል መልሶ ይሄዳል፣ መንገድ እንደ ጠፋው» አሉኝ፣ እንደ ዋዛ።

የመሪጌታ «ይዘገያል» ያን ጊዜ ገባኝ። ከቤት ወጥቼ ሮጥኩ። ከሰፈራችን በላይ የወገራን መንገድ የሚያሳይ ጉብታ አለ፣ እሱ ላይ ወጣሁ፣ ጉም እንደ ሆነ ነው፣ ሴቶች እንስራ አዝለው ያልፋሉ፣ ከተማሪዎቼም አንድ ሁለቱ ቆመው ያዩኛል፣ እኔ የሒሳብ አስተማሪው በሰሜን በኩል ለባዶ ጉም እጮሃለሁ። «ክንፈ ሚካኤል! በዚያ አይደለም! በዚህ ነው! ወዲህ ተመለስ!» ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጠራሁት፣ አሳስቼሃለሁ፣ ማረኝ፣ እናትህ በዚህ ናት አልኩት። አለቀስኩም፣ ምን ይደበቃል። አንድ ጊዜ ብቻ ጭቃ የሚረግጥ እግር በአጠገቤ ያለፈ መሰለኝ፣ ሰው ግን አላየሁም። ወደ ቤት ስመለስ እልልታው አጥሩ ላይ ተቀበለኝ።

ወንድ ነው። እግዜር ስላተረፈልን አዳነ አልነው። በአርባኛው ቀን ክርስትና ስናስነሣ ለቄሱ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፣ እሳቸው ግን ስሙን «ክንፈ ሚካኤል» ብለው አወጡት። ዕለቱ የሚካኤል ነበር፣ ምን ይገርማል ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም ለራሴ ይኸንኑ ነው ያልኩት፣ ለብዙ ጊዜም አምኜዋለሁ። ትርጉሙን ጨርሼ ለማተሚያ ቤቱ ስልከው በምሳሌው ቦታ «እገሌ ወልደ እገሊት» የሚለውን መለስኩት። የአዲስ አበባው ወዳጄ «ይኸ ለዛሬ አንባቢ አይገባም» ብሎ ጻፈልኝ። አይግባው አልኩ።

አዳነ አደገ፣ እንደ ማንም ልጅ ይሮጣል፣ ይዋሻል፣ ጽሕፈት ይጠላል። አምና ከቅጥር ላይ ወድቆ የግራ ቅንድቡ ተሰነጠቀ። ሲያሽሩለት ደም ያስደነገጠኝ መስሏቸው ነበር፣ እኔን ያስደነገጠኝ ጠባሳው ነው።

ዘንድሮ መሪጌታ አድማሱ ዐረፉና ለተዝካራቸው አዳነን ይዤ አምባ ጊዮርጊስ ሄድኩ፣ ወገራን አይቶ አያውቅም። ከማኪና ወርደን ወደ መንደሩ ስንታጠፍ ልጁ እጄን ለቀቀና ቆመ። ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ፊቱን አዙሮ ብዙ አየ። ሁልጊዜ አባባ ነው የሚለኝ፣ ከተማ ነው ያደገው።

«አያ፣» አለኝ፣ «ያኔ ያሳየኸኝ መንገድ ይኸ አይደል?»

«የቱ መንገድ ልጄ?»

«ሄጄበት ነበር እኮ። መጨረሻው ላይ ሁለት ሕፃናት ተቀምጠዋል። ‘እናታችን ወለተ ሰንበት ናት፣ መንገዱ በየት ነው?’ አሉኝ፣ እኔም አላውቅም። ከዚያ አንተ ስትጣራ ተሰማ። ሦስታችንም ተነሣን፣» አለና ቀና ብሎ አየኝ፣ ኩርፊያ አለበት፣ «የጠራኸው ግን እኔን ብቻ ነው።»

«ስም የላቸውማ» አልኩት።

ይኸንን ለደብሪቱ አልነገርኳትም፣ እንዴት ብዬ? ልጁም ከዚያ ወዲህ አላነሣውም፣ ስጠይቀው «ምን መንገድ?» ይለኛል፣ እኔንም እንደ ዱሮው አባባ ይለኛል። እኔ ግን እንቅልፍ የለኝም። እነሆ ነሐሴ ነው፣ ከቀትር በኋላ ነው፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሄዶ እዚህ ጎንደር ቤቴ የቀረነው እኔና ውሻችን ነን፣ ወረቀቴን ዘርግቼ ከታች «ወለተ ሰንበት» ብዬ የእናታቸውን ስም ሁለት ቦታ ጽፌአለሁ፣ የልጆቹን ቦታ ባዶ ትቼ ብዕሩን ይዤ ተቀምጫለሁ። ልጆቼ ናቸው፣ እዚያ ጉም ውስጥ እንዴት ልተዋቸው? ደግሞስ ብጠራቸው ምን ሆነው ነው የሚመጡት? አዳነ ሲመጣ የሚገባበት ሆድ ነበረው፣ ደብሪቱ ግን አርጅታለች፣ ከእንግዲህ አትወልድም።

ገና አንድ ፊደል አልጻፍኩም። ውሻችን ግን ተነሥቷል፣ ጭራውን እየቆላ ወደ በሩ እየሄደ ነው።