ጃምቦ ያሉት ሰው

ሀቢሶ ከሆሳዕና ደቡብ አፍሪካ መጥቶ፣ ኮዝሞ ሲቲ በሚባል ሰፈር ውስጥ ሱቅ የከፈተ፣ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ግዙፍ ሰው ነው። ደንበኞቹ «ጃምቦ» ይሉታል። ትልቁ የቺፕስ ፓኬት እንኳ በዚያው ስም ስለሚጠራ፣ እሱም ስቆ ያልፋል።

ረድኤትን ያወቃት የሐበሻ ነጋዴዎች በሚበዙበት ሰፈር በጀፕ፣ ለሱቁ ዕቃ በሚገዛበት በወንድሟ በአሳምነው የጅምላ መደብር ነው። ዕቃው ተጭኖ ካለቀ በኋላም ቆም ይላል፤ እሷም አታቻኩለውም። ሲውል ሲያድር እንጋባ አላት፤ እሺ አለችው። የቀረው ለወንድሟ መንገር ነበር። አሳምነው ደግሞ እህቱን እንደ ሀቢሶ ላለ ጴንጤ እንደማይድር ደጋግሞ ተናግሯል።

አንድ ቀን ወሬ ደርሶት፣ ከዚያ ሰውዬ ጋር ምን እንዳላት ጠየቃት። ደነገጠች።

«ከጃምቦ ጋር? እሱን ደግሞ ማን ሰው ብሎት?» አለችና ሳቀች።

ሀቢሶ ከካርቶኖቹ ኋላ ቆሞ ነበር። ዕቃውን ሳይጭን ወጣ። ከዚያ ወዲያ ጀፕ አልታየም፤ ስልኩንም አላነሳም።

ረድኤት እንቅልፍ አጣች። ያ ቃል ከየት እንደመጣ በስልኳ ስትፈልግ፣ ጃምቦ የአንድ ዝሆን ስም ሆኖ አገኘችው። ከብዙ ዘመን በፊት በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር አካባቢ እናቱን ገድለው፣ ግልገል ሳለ ወደ አውሮፓ እንደወሰዱት ይነገራል። ለንደን ውስጥ ልጆችን በጀርባው ሲያመላልስ ኖሮ ለአሜሪካ ሰርከስ ተሸጠ፤ በመጨረሻም ባቡር ገጭቶ ገደለው። ስሙ ግን የትልቅ ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

በማግሥቱ ታክሲ ይዛ ኮዝሞ ሲቲ ሄደች። ሀቢሶ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ኋላ ሆኖ፣ ይቅርታዋንም የዝሆኑንም ታሪክ አዳመጣት።

«ደንበኞቼ ቢሉኝ አይከፋኝም» አላት በመጨረሻ። «ስሜን አያውቁትም። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ።»

ስልኳን አውጥታ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«ሀቢሶ ጋ ነኝ» አለችው። «ላገባው ነው።»

አሳምነው «መጥተሽ ልብስሽን ውሰጂ» ብሎ ዘጋው።

ሀቢሶ ቁልፉን ከፍቶ ወጣ። ለቅሶዋ እስኪወጣላት ድረስ አጠገቧ ቆመ።

ክረምቱ ሲያልፍ ጥቂት ሰው ጠርተው ተጋቡ። ለአሳምነው ከፊት የተያዘው ወንበር ባዶውን ዋለ። ፎቶ ሲነሱ ሁሉም ወደ ካሜራው ይመለከታል፤ ረድኤት ብቻ ወደ በሩ ታያለች።