ጎሳውን የጠየቅሁ ዕለት

ቅዳሜ ጠዋት ከሶዶ ስንነሳ ላንድሮቨሩ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ሦስቱ ለሥራ፣ እኔ ለሥራና ለሌላ ነገር። ሌላውን ነገር ለማንም አልተናገርኩም፤ ለራሴም በግማሽ አፍ ነበር የነገርኩት።

ሚያዝያ ፲፱፻፶፯ ነው። ከቦምቤ በላይ፣ ኮረብታው አናት ላይ የሚሲዮኑ ማረፊያ ቤት አለ፤ ሙቀት ሲበረታ ፈረንጆቹ የሚሸሹበት፣ ከጉምና ከወፍ በቀር ጎረቤት የሌለው ቤት። እንግዶቹ ሳይመጡ ልናሰናዳው ተላክን። ወይዘሮ ጥሩዬ ለአንሶላውና ለወጥ ቤቱ፣ ድሬሰር ቶማ ለመድኃኒቱ ሣጥን፣ እኔ ሣራ አንጁሎ ለመጻሕፍቱ ዝርዝር። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል ከወንድሜ ደብተር፣ የጽሕፈት መኪና ደግሞ የቢሮው መስኮት ሥር ቆሜ በማየት ተማርኩ። ዛሬ የቤተ ክርስቲያናችን ደብዳቤ ሁሉ በእኔ ጣት ነው የሚያልፈው። ይህን የምለው እንዲታወቅልኝ ነው።

ቶማ ከበዴሳ ከመጣ አምስት ወሩ ነው። ወላይትኛው እንደ እናቴ፣ አማርኛው እንደ መጽሐፍ። መጀመሪያ ቀን ደብዳቤ ሊያስጽፍ መጥቶ፣ «ሐኪም»ን በየትኛው ሀ እንደምጽፍ አጎንብሶ ሲያይ ያዝኩት።

«በሐመሩ ሐ ነው። ሌላ ፈተና አለህ?»

«የለኝም» አለ። «ነገ ግን ሌላ ደብዳቤ ይኖረኛል።»

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አጥቶ አያውቅም።

ሹፌራችን ኤርካሎ መንገድ ሲበላሽ ነው ወሬ የሚያምረው።

«ሣራ፣ ምነው ዝም አልሽ? ምላስሽን ቢሮ ረሳሽው?»

«አንተ መሪህን ያዝ። ምላሴን እኔ እይዛለሁ።»

ቶማ ከፊት ወንበር ሆኖ በመስተዋቱ አየኝ። አላየሁትም ለማለት ቶሎ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። መስኮቱ ግን በጭቃ ተሸፍኖ ነበር።

ቦምቤን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ጎማው ሰመጠ። ቶማ ወርዶ ከኋላ መግፋት ያዘ፣ ኤርካሎ ሞተሩን ያስጮኻል። ወይዘሮ ጥሩዬ በኋላው መስኮት አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ጭምት ልጅ ነው። ትግሬ አይደል፣ ከሥራ አይሸሽም።»

«ማን ነው ትግሬ?»

«ቶማ ነዋ። አላወቅሽም?»

አላወቅሁም። ትግሬ የእኛ ጎሳ ስም ነው። የአባቴ፣ የአያቴ፣ የእኔ። በወላይታ የአንድ ጎሳ ወንድና ሴት፣ አንድ እናት ባትወልዳቸውም፣ እህትና ወንድም ናቸው። ጌታን ከተቀበልን በኋላ ብዙ ነገር ጥለናል፤ ይህን ግን የጣለ የለም። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ሁለት ሰዎች ጎሳቸውን ደብቀው ተጋቡ። ሲታወቅ የመታቸው የለም። ሰላምታ ብቻ ቀረ። ሴትዮዋ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሌሎቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ ይመለሱ ነበር። በሦስተኛው ወር አገር ጥለው ሄዱ። ያንን የፈረደው ሸንጎ ሰብሳቢ አባቴ ነበር።

መኪናው ወደ ገደሉ ጎን ተንሸራተተ። ወይዘሮ ጥሩዬ ማርያምን ጠሩ። እኔ አልጮህኩም፤ ገደሉ ከሰማሁት አይብስም ነበር።

ጎማው ሲወጣ ቶማ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባ። «እህት ሣራ፣ ፈራሽ እንዴ?»

በቤተ ክርስቲያናችን ሁሉም ሰው እህትና ወንድም ነው የሚባባለው። ቃሉን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን እንደ እሾህ ወጋኝ።

«አዎ» አልኩት። በሕይወቴ ለሰው ፈራሁ ብዬ አላውቅም።

መጠየቅ ነበር። የአባቱ ስም ገብረሥላሴ መሆኑ ምንም አይነግረኝም፤ በእኛ አገር ግማሹ አባት የሚያስጽፈው የክርስትና ስሙን ነው። ግን ሴት ልጅ ወንድን ጎሳህ ማን ነው ብላ አትጠይቅም። ይህ የሚጠየቀው ጋብቻ ሲታሰብ ነው፤ እሷ ከጠየቀች አገባሃለሁ ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ ማንም ወንድ እግር ሥር የምወድቅ አይደለሁም።

ማረፊያው ቤት ስንደርስ ጉሙ በር ድረስ ተከተለን። ቶማ ሥራውን ጨርሶ ሊያግዘኝ መጣ።

«ይህን መጽሐፍ ከየትኛው ጋር ላድርገው?»

«ከምታውቀው ጋር። ካላወቅህ መሬት ላይ ተወው።»

መሬት ላይ ተወው። ቀና ስል ግንባሩ የወንድሜን መሰለኝ። ጆሮው የአባቴን። ጠዋት ማንንም የማይመስል ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ዘመዴን ሁሉ መሰለ።

«ምን አደረግሁሽ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ምንም። ብርሃኑን ከልለኸኛል።»

ወጣ። በሩን እንኳ በኃይል አልዘጋውም፤ ቢዘጋው ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት ከጸሎት በኋላ ደረጃው ላይ አገኘኝ። የመድኃኒቱን ሣጥን እንደ ሕፃን ታቅፎታል።

«ሰኞ አንድ ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ? የመጨረሻ ነው። ወደ በዴሳ መልሱኝ የሚል።»

ወንድሜ ከሆነ መሄዱ ይበጃል። ካልሆነስ? ዝም ብል ሳላውቅ ሊሄድብኝ ነው። ሁለቱንም ፈራሁ፤ ዝምታው ግን ከሁለቱም ባሰኝ።

«ጎሳህ ማን ነው?»

ሣጥኑን መሬት አስቀመጠ። ጥያቄው ምን እንደሆነ ገብቶታል።

«ይህን ሰው እንዳይጠይቀኝ እየፈራሁ ነው ያደግሁት» አለ። «የለኝም።»

«ጎሳ የሌለው ሰው የለም።»

«አባቴ ከትግራይ፣ ከሽሬ፣ በወታደርነት መጥቶ በዴሳ ቀረ። ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ሞተ። ያሳደገችኝ ወላይታዋ እናቴ ቦልቴ ናት፤ ጎሳ ግን በአባት ነው። ልጆች ጎሳቸውን እየጠሩ ሲፎካከሩ እኔ ውሃ ጠማኝ ብዬ እነሳ ነበር።»

ከትግራይ። ወይዘሮ ጥሩዬ «ትግሬ» ያሉት በአማርኛ ነበር፤ እኔ የሰማሁት በወላይትኛ ነው።

ሳቄ መጣ፤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኩት። አልሳቀም።

«ታዲያ ትላንት ቀኑን ሙሉ ወንድምሽ ነበርኩ?»

«አዎ። መጥፎ ወንድም ነበርክ።»

ጎኔ ተቀመጠ። ትከሻው ትከሻዬን ነካ፤ ማናችንም አልተንቀሳቀስንም።

«አባትሽ ይጠይቁኛል» አለ በመጨረሻ። «የለኝም ስል ምን ይሉኛል? መነሻው የማይታወቅ ሰው ልጃቸውን...»

«አላውቅም» አልኩት። እውነቴን ነው፤ አላወቅሁም።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ያ የአባቴ ሸንጎ ፊቴ እንደ አዲስ ተቀምጦ ነበር።

ሶዶ ስንደርስ አባቴ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ደጅ ቆሟል። ቶማ መኪናው ውስጥ መቅረት ይችል ነበር። ወረደ። ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ።

አባቴ በወላይትኛ ጠየቀው። «የማን ልጅ ነህ?»

«የገብረሥላሴ። ከትግራይ የመጣ ሰው ነበር።»

«ጎሳህስ?»

«የለኝም፣ አባባ።»

አባቴ የቶማን ጫማ አየ፤ ከዚያ እኔን አየ፤ ዐይኑን ለመመለስ ብዙ ቆየ።

«የእኛ አይደለህም።»

«አይደለሁም።»

«የሌላም አይደለህም።»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ከየትኛውም ቤት ብታገባ የሚከለክልህ የለም ማለት ነው» አለ፤ ለእሱ ሳይሆን፣ ከባድ ጉዳይ ለያዘ ሸንጎ እንደሚናገር ሰው። ዞሮ ወደ ቤት ሄደ። በሩ ጋ ቆመ።

«እናትህ ስንት ወንድሞች አሏት?»

«ሦስት።»

«ሦስቱንም ይዘህ ና። ሽማግሌ አንድ ሰው አይደለም።»

ቶማ ዞሮ እኔን አየኝ። «እሺ» ያልኩት እኔ ነኝ።