ወባ ብለን የሸፈንነው

በነገሌ ወባ የማትሸፍነው ገበና የለም። መምህሩ ክፍል ሳይገባ ቢቀር ወባ ነው፤ የኃላፊው ቢሮ ተዘግቶ ቢውል ወባ ነው። እውነተኛዋን ወባ አላቃልልም፤ ወደ ቆላው ወርደው በእሷ የቀሩብን ብዙ ናቸው። እኔ የምናገረው ከጠርሙስ ስለሚነሳው ነው። እሱን ተንከባክበን የምናሳድገው እኛው ነንና እስቲ ይህን ስሙኝ።

ሽመልስ ከውትድርና ከተሰናበተ ወዲህ በነገሌና በፊልቱ መካከል የሕዝብ አውቶቡስ ይነዳል። ባለቤቱ ብዙወርቅ አስተማሪ ናት። ካቲካላውን ሲጋት አምሽቶ ማለዳ መነሳት ሲያቅተው፣ ብዙወርቅ ለስምሪት ኃላፊው ለሸዋንግዛው ትደውላለች።

«ወባው ተነስቶበት ነው፣ ጋሽ ሸዋንግዛው።»

«እግዜር ይማረው። ሌላ ሹፌር እመድባለሁ» ይላል እሱም፤ ከዚያ በላይ አይጠይቅም።

ጎረቤት አጥሚት ይዞ ይመጣል። ሽመልስ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል፣ ጠያቂው ከንፈሩን ይመጥጣል። የመጠጡ ሽታ ቤቱን ሞልቶት ሳለ አንድም ሰው የሸተተው አይመስልም። ይሉኝታችን እንዲህ ነው!

አንድ ቀን በፊልቱ መንገድ ላይ ግመሎች ሲያቋርጡ ሽመልስ ፍሬኑን ዘግይቶ ያዘ። አውቶቡሱ ከመንገድ ወጥቶ ቆመ። ሰው ባይጎዳም እሱ ክፉኛ ደነገጠ። ቤቱ ገብቶ «ከእንግዲህ ጠብታ አልቀምስም!» ብሎ ማለና በሩን ዘጋ። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው ያለ ሐኪም ድንገት ሲያቆም ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ እንደሚችል ማን ይንገረው? ማንን ጠይቆ? ብዙም ሳይቆይ ላብ አጠመቀው፤ ከሌለ ሰው ጋር ያወራ ጀመር። ከዚያም ሰውነቱ ተገታትሮ አረፋ ደፈቀ።

ጤና ጣቢያ ሲያደርሱት ጎረቤቱ ሁሉ ተከትሎ ነበር። ነርሷ ሲስተር ሚልኪ «ምን ሆኖ ነው?» ስትል ብዙወርቅ አፏ እንደለመደው «ወባ» አለች። ደሙ ተመረመረ። ሚልኪ እየተጣደፈች ተመለሰች።

«ወባ የለበትም። እህቴ፣ መጠጥ ይጠጣል? መቼ ነው ያቆመው? አሁኑኑ ንገሪኝ፤ የምሰጠው መድኃኒት በዚያ ነው የሚወሰነው።»

የሽመልስ እናት እማማ ዓለሚቱ የምራታቸውን ክንድ ጨመቁ። «ልጄን በሰው ፊት እንዳታዋርጂው! ሐኪም አይደለችም? ራሷ ትወቀው።»

ሽመልስ አልጋው ላይ እንደገና ተንፈራገጠ። ብዙወርቅ በሩ ላይ የተደረደሩትን ጎረቤቶች አየች፤ ባሏን አየች።

«እማዬ፣ ይልቀቁኝ» አለች። «ካቲካላ ነው! በየቀኑ ይጠጣ ነበር፣ ሰሞኑን ነው ያቆመው። ወባ እያልኩ የዋሸሁት እኔ ነኝ!»

እማማ ዓለሚቱ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሚልኪ ግን ለመገረም ጊዜ አልነበራትም፤ መርፌ ልታመጣ ሮጠች። ሽመልስ ከሞት ተረፈ።

ከሕክምናው ሲወጣ ሚልኪ ብዙወርቅን ለብቻዋ ጠራቻት።

«መድኃኒቱ ሕይወቱን አትርፎታል። መጠጡን ለመተው ግን ሰው ያስፈልገዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለው አዳራሽ የሚሰበሰቡ አሉ። ጠጥተው የተዉ፣ ለመተውም የሚታገሉ ናቸው። አቶ ዱጋሳን ጠይቂ።»

ጠየቀችው። ዱጋሳም ቤት ድረስ መጣ። ሽመልስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«አካም ጅርታ፣ ሽመልስ? ናጋ?» ሲል ዱጋሳ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠው።

«እኔ ሰካራም አይደለሁም» አለ ሽመልስ። «ከተማው ጠባብ ነው። እዚያ ስብሰባ ላይ ቢያዩኝ ነገ አውቶቡሴ ላይ ማን ይወጣል?»

ዱጋሳ ሳቀ። «እስከ ዛሬ ያላወቁ መስሎህ ነው? ሰው እኮ ያንተ አውቶቡስ ላይ የሚወጣው እየጸለየ ነው! የእኔን ደግሞ ቤተሰቦቼ ጉበት ነው ይሉ ነበር። እዚያ ማንም አይፈርድብህም፤ የተወራውም ከዚያ አይወጣም። መናገር ካልፈለግህ ቁጭ ብለህ አድምጥ።»

ቅዳሜ ብዙወርቅ ሸኘችው። አዳራሹ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ከመንገዱ ማዶ የለመደው ካቲካላ ቤት ክፍት ነበር፤ የድሮ ጓደኞቹ አዩት።

«ሽሜ! ወባው ተሻለህ? ና እንጂ፣ ለደስታው!»

ወዲያም ወዲህም ተመለከተ። ብዙወርቅ አልጎተተችውም።

«እኔ ከዛሬ ወዲያ ወባ ብዬ አልዋሽም» አለችው ቀስ ብላ። «ምርጫው ያንተ ነው።»

ሽመልስ ወደ ማዶ ዞሮ «ወባ አልነበረም!» ብሎ ጮኸና ወደ አዳራሹ ገባ።

በአንድ ስብሰባ ዳነ ብዬ አልዋሻችሁም። መሐል ላይ ወድቆ ጠጥቷል፤ አፍሮ ሲመለስ ወንበር ሳቡለት እንጂ አላባረሩትም። እኛ መሸፈንን ፍቅር አድርገነዋል። የሸፈንነው ሰው ግን ከሽፋኑ ስር ይሞታል። የምትወዱት ሰው ካለ፣ ሕመሙን በስሙ ጥሩት።

ሐኪም ፈቅዶለት ሽመልስ መንዳት ከጀመረ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሸዋንግዛው ለብዙወርቅ ደወለ።

«ሹፌር ጎድሎብኛል፣ የሽመልስ ስልክ ደግሞ ዝግ ነው። ወባው ተነሳበት እንዴ?»

«የለም፣ ጋሽ ሸዋንግዛው። መጠጥ ለመተው ከሚረዳዱ ሰዎች ጋር ስብሰባ ላይ ነው።»

ከዚያኛው ወገን በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ብዙዬ» አለ ሸዋንግዛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ታናሽ ወንድሜም... ወባ እየተመላለሰበት ነው። የሚሰበሰቡት የት ነው?»