ነዳጅ የማትበላው መኪና

ጡረተኛው መምህር ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ በቆመችው መኪናቸው መሪ ላይ እንደተደፉ ሞተው ተገኙ። ዝናብ ስለነበር መስታወቶቹ ተዘግተዋል፤ ሞተሩ አልጠፋም። ባለቤታቸው የኩላሊት እጥበታቸውን ጨርሰው ሲወጡ፣ ያሸለቡ መስሏቸው ትከሻቸውን ነካ ነካ አድርገዋቸው ነበር።

መርማሪዋ የሟቹን ፊት አየች። ቀልቷል፤ የሞተ ሰው ፊት አይመስልም። ጎንበስ ብላ ከመኪናዋ ሥር ስትመለከት የጭስ ማውጫው ዝጎ ተበስቷል። በአሮጌ ምንጣፍ የተሸፈነው ወለልም እንዲሁ። የገደላቸው ጭሱ ነው።

መኪናዋ ከተገዛች ገና ሳምንቷ ነበር።

«ሃያ ዓመት አልፏታል፣ አልዋሽም» አለ መኪናዋን ያሻሻጠው ደላላ። «ግን ነዳጅ አትበላም፣ መለዋወጫዋም እንደ ልብ ነው። እሳቸውም የፈለጉት ይህንኑ ነበር። ጋራዥ ወስጄ ያስመረመርኳት እኔው ነኝ።»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ሞተሯ ሸጋ ነው» አላት። «ጭስ ወደ ውስጥ እንደምታስገባ ግን አልደበቅኩም። ማውጫው ሳይቀየር መስታወት ዘግተው እንዳይቀመጡ ለመምህሩ ለራሳቸው ነግሬያለሁ።»

«ፊት ለፊት?»

«በስልክ። ‹እሺ፣ አስቀይራለሁ› አሉኝ።»

የሟቹን ባለቤት ቤታቸው ሄዳ አገኘቻቸው። ታናሽ ወንድማቸው አጠገባቸው ተቀምጧል።

«መኪናዋን ማን መረጠ?»

«እሳቸውና ወንድሜ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሲያመላልሰኝ የኖረው እሱ ነው። እንዲያርፍ ብለን ነው የገዛናት።»

«ባለቤትዎ ስለ ጭሱ ያሉት ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም። ‹ጤነኛ ናት ተባልኩ› ብለው ደስ ብሏቸው ነበር።»

«መካኒኩ ደውሎላቸው ይሆን?»

«ቢደውል ምን ሊሰሙ? ጆሯቸው ከከዳቸው ቆየ። አጠገባቸው ካልጮኹ አይሰሙም።»

በማግስቱ መርማሪዋ አራቱንም እዚያው ሳሎን ሰበሰበች።

«ደላላው ራሱ አስመርምሯታል፤ የሚደብቅ ሰው እንዲህ አያደርግም። መካኒኩ ጉድለቷን መዝግቧል፣ ደውሎም ተናግሯል። መምህሩ ደግሞ በስልክ መስማት አይችሉም። ታዲያ ‹እሺ› ያለው ማን ነው?» ወደ ወንድምየው ዞረች። «የተደወለበት ቁጥር የአንተ ነው።»

«የመምህሩ ነው ብሎ የሰጠኝ እሱ ነው፤ እኔም ለመካኒኩ አቀበልኩት» አለ ደላላው ቀስ ብሎ።

ወንድምየው አንገቱን ደፋ።

«እውነቱን ብነግራቸው ይተዋታል ብዬ ፈራሁ። ሌላ እስኪገኝ ደግሞ ስንት ወር... ደከመኝ፣ እትዬ። በየጊዜው እየቀረሁ ከሥራዬ ልባረር ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ማውጫውን በራሴ ላስቀይርላቸው አስቤ ነበር። ጋሼን ልገድል ብዬ አይደለም።»

እህቱ አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ፖሊስ ክንዱን ሲይዘው ግራ ገብቷቸው ሁሉንም ተራ በተራ አዩ።

«ነገ የእጥበት ቀኔ ነው» አሉ። «ማን ይወስደኛል?»

ወንድምየው ከልማድ «እኔ» ሊል አፉን ከፈተና ዝም አለ።