ጆሮ ያላስነሳው ሞተር

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ የጋራዡ ሁለት መዝጊያዎች ወለል ብለው ተከፍተው ነበር፤ ጢሱ ግን ገና ከጣሪያው ሥር አልጠራም። ሟቹ ነጯ መኪና ውስጥ፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል። ቆቡን በወጉ ደፍቷል። ላየው ሰው ደክሞት ያሸለበ እንጂ የሞተ አይመስልም።

የጋራዡ ባለቤት ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል። ሌላው ሜካኒክ ሞተር በታትኖ የሚያጣውን ችግር እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በመስማት ብቻ ያገኘው ነበርና።

በሩ አጠገብ አንድ ሰው እጁ በካቴና ታስሮ ባዶ ጎማ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን ነው።

«ነገሩ ያለቀ ነው፣ ኢንስፔክተር፤» አለ ሳጅኑ። «የመኪናዋ ሴንሰር ተበላሽቶ ትናንት ቀየሩት። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሯ አዲሱን እስኪለምድ ሞተሩ ተነስቶ መቆየት አለበት አሉ። ዝናብ ስለነበር በሩ ተዘጋ። ጢሱን ወደ ውጭ የሚያወጣውን ቱቦ የገጠመው ይሄ ሰው ነው። ቱቦው ወለቀ፣ ጢሱ ቤቱን ሞላ። ራሱም ቢሆን አልካደም።»

«ምን ብሎ ነው ያልካደው?»

«‹ጋሼን እኔ ገደልኩት› ይላል።»

«እሱ እኮ ለቅሶ ነው። ቃል አታድርገው።»

ከመኪናዋ ኋላ ሄዳ ቁጢጥ አለች። ወፍራሙ የጎማ ቱቦ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ጫፉን ከጢስ ማውጫው ጋር የሚያጠብቀው የብረት ማሰሪያ አጠገቡ ወድቋል። አነሳችና ብሎኑን አየችው። እስከ መጨረሻው ተፈቷል።

ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ሄደች።

«ወንድሜ፣ ቱቦውን መቼ ገጠምከው?»

«ትናንት ወደ ማታ፣ ከመውጣቴ በፊት። ለዛሬ ጠዋት ብዬ ነው። አጥብቄው ነበር መሰለኝ… እንጃ! ባላጠብቀው ነው እንጂ!»

«ለዛሬ ጠዋት ለምን?»

«ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ነዋ የሚጀመረው።» እንባውን በትከሻው ጠረገ። «ሴንሰር ሲሞት ኮምፒውተሩ ነዳጁን በግምት ያድላል፤ ግምቱንም ይለምደዋል። ሴንሰሩን ብትቀይሪለትም የለመደውን አይተውም። ስለዚህ የያዘውን በመመርመሪያ ማሽን እናጠፋና ከቀዝቃዛ እናስነሳዋለን። ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሚኒሞ ላይ፣ እንደ አዲስ ይማራል።»

«እሱ ሲማር እናንተ ምን ትሠራላችሁ?»

«ምንም! መብራት አይበራም፣ ማሞቂያ አይከፈትም። አንድ ጊዜ ሬዲዮ ብከፍት ጋሼ ‹እሱ ትምህርት ላይ ነው፣ አንተ ትዘፍንበታለህ?› ብሎ ከነምሳ ዕቃዬ አባረረኝ።» ሊስቅ ጀምሮ ጥግ ወዳለችው በርጩማ አየ። «እሱ ኮፈኑን ከፍቶ እዚያች በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ‹ልክ ናት› እስኪል ማንም አይተነፍስም።»

«ዛሬ ስትገባ ሞተሩ እንዴት ነበር?»

«ይሠራ ነበር። ቁልፉን አጥፍቼ በሩን በረገድኩት። ሌላ ምንም አልነካሁም፣ እናቴ ትሙት!»

ኢንስፔክተሯ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ኮፈኑ ተዘግቷል። የማሞቂያው ማዞሪያ መጨረሻው ላይ ደርሷል፤ የውጭ አየር ወደ ውስጥ እንዲያስገባ ተደርጎ። ኮፈኑን ከፈተችና የባትሪውን የአሉታ ገመድ በጣቷ ብትነካው ላልቶ ተሽከረከረ። ከሥሩ አንድ ጨርቅ ተሰክቷል። የደረቀ፣ ነጭ ስቱኮ የተለጠፈበት ጨርቅ ነው፤ ያ የላሜራ ስንጥቅና ጉድጓድ የሚደፈንበት ማለት ነው። በጥንቃቄ ፖስታ ውስጥ ከተተችውና ኮፈኑን መልሳ ዘጋችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

የሟቹ ሚስት ከጋራዡ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቢሮ ውስጥ፣ ጃኬቱን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ዝናብ ሲይዘው እዚሁ ያድራል፤ ለዚያ ነው ወጥቼ ያልፈለግሁት፤» አለች። «እኔን አይሰማኝም እኮ! ከጓዳ ሦስት ጊዜ ጠርቼው ዝም ይላል። መንገድ ላይ ሞተር ካስነጠሰ ግን ከእንቅልፉ ይነቃል።» ጃኬቱን አሸተተችው። «ውጭ የሚሉትን ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ራሱን አጠፋ ይላሉ። ልጆቹ ይህን ሰምተው ይደጉ? ወይ ደግሞ ያን ምስኪን እሰሩት ይላሉ፤ ዐሥር ዓመት በቤቴ የበላ ሰው ነው። እውነቱን ብቻ ስጪኝ።»

«እሰጥዎታለሁ። ትናንት የከፋው ነገር ነበር?»

«ስልክ ደወለልኝ። ‹ወንድሜ ጠዋት የሚሄድበት አለው፣ እኔም አብሬው እሄዳለሁ፣ ነጭ ሸሚዜን አውጪልኝ› አለኝ። ወዴት ብለው ‹ስመጣ እነግርሻለሁ› አለ። በቃ፣ እሱ ነው የመጨረሻው።»

ሦስተኛዋ የመኪናዋ ባለቤት ናት። ሰፈሩ ውስጥ መድኃኒት ቤት አላት፤ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ነው የመጣችው። ትናንት ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል።

«አዎ፣ ጮኼበታለሁ!» አለች ሳትጠየቅ። «ለኋላ በር ጭረት ብዬ ለወንድሙ ሰጠኋት። ስትመለስ ዳገት ላይ የምታቃስት በሽተኛ ሆነች። ከዚህ ስወጣ ጀምሮ ነው አልኩት።»

«እሱስ?»

«ማሽኑን ሰክቶ አየ፣ አየና ‹ሴንሰሩ ሲሰበር በኃይል እየሮጥሽ ነበር?› አለኝ። እኔ! ብስክሌት የሚቀድመኝ ሴት! ተሰደብኩ ብዬ ነው የጮኽኩት። እሱ ግን ወዲያው ፊቱ ጠቆረ። ‹ይቅርታ እህቴ፣ ሒሳብ የለብሽም፣ ሂጂ› አለኝ።»

የመጨረሻው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ እዚያው ጋራዥ ውስጥ የተጋጨ ላሜራ የሚያቃና፣ «ቀጥቃጩ» የሚሉት። ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሰው ነው። እጁን ጨበጥ ፈታ ያደርጋል፤ ግን ድምፁ የረጋ ነው።

«ወንድሜ ግትር ነበር፣ ኢንስፔክተር። እስከ ጠዋት መጠበቅ አቃተው። ባትሪውን ነቅሎ ኮምፒውተሩ የያዘውን ያጠፋል፣ መልሶ ያስነሳዋል፣ ሲያዳምጥ ጢሱ አፈነው። በዚያ ልጅ አትፍረዱበት፤ ሳያስበው ነው።»

«አንተ መቼ ወጣህ?»

«ከሁሉም በፊት። እትዬን ጠይቋት፣ እኔ ዝናብ አልወድም።»

«እውነትህን ነው፣ ዝናብ መጥፎ ነው፤» አለችና አልፋው ሄደች።

ከሥራ ጠረጴዛው ላይ ብሎን የሚለቀምበትን ማግኔት አንስታ የመኪናዋን ገላ ዳሰሰች። በሩ ላይ ተጣበቀ፣ ጣሪያው ላይ ተጣበቀ። ከፊት በቀኝ በኩል፣ ከመብራቱ በላይ፣ ተንሸራቶ ወደቀ። መብራቶቹንም አየች። የግራው ቢጫ አርጅቷል፤ የቀኙ እንደ ውኃ የጠራ ነው። ያን ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። ከጋራዡ በታች ባለው ድልድይ ላይ በመኪና ተገጭቶ የሞተ፣ ገጪው ያልተገኘ የአንድ ዘበኛ መዝገብ በእጇ ነበር፤ ሚስቱ እስከ ዛሬ ጣቢያው በር ላይ ትመላለሳለች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሩ እስከ ጥጉ ተከፍቷል። የሚያስፈልገው ሁሉ ተለቅሞ ተወስዷል፤ መኪናዋ ግን እዚያው ቆማለች።

«ካቴናውን ፍታለት፤» አለችው ለሳጅኑ። ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ዞረች። «አንተ ደግሞ ጋሼህ እንዳስተማረህ አድርገህ ሞተሩን አስነሳ።»

ሰውየው ቱቦውን ገጠመ፣ ማሰሪያውን አጠበቀ፣ ኮፈኑን ከፈተ። ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሳ፤ ግን ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ሊጠፋ ይልና ይመለሳል።

«እየተማረች ነው፤» አለ በሹክሹክታ።

«ጥሩ። እሷ ትማር፣ እኛም እንማር።» ኢንስፔክተሯ ቱቦውን ረገጥ አደረገችው፤ ንቅንቅ አላለም። «ሳጅን፣ ሳብ አድርገው። ይወልቃል?»

ሳጅኑ ጎተተ፤ ፊቱ ቀላ። «መኪናው ይመጣል እንጂ ቱቦው አይመጣም።»

«በራሱ ቢወልቅ ኖሮ ማሰሪያው እንደታሰረ ይገኝ ነበር። እኔ ያገኘሁት ብሎኑ እስከ መጨረሻው ተፈትቶ ነው። ሰው ፈታው። ይህ ሰው ከቸልተኝነት ነጻ ነው።»

ኤሌክትሪሺያኑ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«እንግዲህ ማን ፈታው? ራሱ ጆሮ? ሞተሩን የሚያስተምር ከሆነ ኮፈኑ ክፍት፣ እሱ በርጩማው ላይ፣ ማሞቂያው ዝግ ይሆን ነበር። ሁሉም ግልባጩ ነው። ማሞቂያው የተከፈተው ጢሱን ወደ ጋቢናው እንዲስብ ነው።»

«ታዲያ ራሱን ነዋ፤» አለ ቀጥቃጩ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እትዬ፣ ይቅር በይኝ።»

«ራሱን የሚያጠፋ ሰው የመኪና ኮምፒውተር ማጥፋት ምን ያደርግለታል?» አለች ኢንስፔክተሯ። «ትናንት በማሽን አስፈተሽኩት፤ ባዶ ነው። የተሰበረው ሴንሰር እንኳ አልተመዘገበበትም። ሟቹ ደግሞ ከቆቡ ሥር፣ ከማጅራቱ በላይ እብጠት አለው። ቆዳው አልተሰነጠቀም። በጎማ መዶሻ የተመታ ሰው እንዲህ ይሆናል ብሎኛል ሐኪሙ። ጎማ መዶሻ ላሜራ ማቃኛ አይደለም እንዴ?»

ሞተሩ ይወጣል፣ ይወርዳል።

«ኮምፒውተሯ ሴንሰር ሲሞትባት በዚያች ቅጽበት መኪናዋ በምን ፍጥነት ትሄድ እንደነበር ይይዛል። ጆሮ ያን አየ። ባለቤቷ እንደዚያ አትነዳም፤ ችግሩም ከዚህ ጋራዥ ስትወጣ አብሯት ነው የወጣው። ለኋላ በር ጭረት የመጣች መኪና ከፊት በቀኟ ማግኔት የማይዝ ስቱኮ አላት፣ አዲስ መብራት አላት። ሴንሰሩ ያለው ከዚያው መብራት ኋላ ነው። ድልድዩ ላይ የሞተው ዘበኛ ልብስ ውስጥ የተገኘው የመብራት ስባሪ ከግራው፣ ከአሮጌው መብራት ጋር አንድ ዓይነት ነው።»

የመድኃኒት ቤቷ ሴት አፏን በጋዋኗ ጫፍ ያዘች። «በእኔ መኪና? ሰው በእኔ መኪና?»

«ማስረጃው የዚህች መኪና ኮምፒውተር ውስጥ ነበረ። ጆሮና ሠራተኛው የሚያጠፉት በማሽን ነው፣ እሱም ጠዋት። ገዳዩ ግን የሚያውቀው የሙያውን መንገድ ነው። ላሜራ የሚበይድ ሰው ኮምፒውተሩ እንዳይቃጠል መጀመሪያ ባትሪውን ነቅሎ፣ ገመዱ እንዳይነካካ ጨርቅ ይሰካበታል። እጁ ለምዶት ሰካበት፤ ሲመልስ ረሳው። ስቱኮ ያለበት ጨርቅ ነው።» ቀና ብላ አየችው። «ባትሪው መነቀሉን ደግሞ እኔ ለማንም አልተናገርኩም። የነገርከኝ አንተ ነህ።»

ቀጥቃጩ እጆቹን አየ። ትልልቅ እጆች ናቸው፤ የት እንደሚያኖራቸው ጠፋው።

«ልሞክራት ብዬ ነው የወጣሁት፤» አለ። «ዘበኛውን አላየሁትም ነበር። ከዚያ… ወንድሜ ‹ጠዋት አብረን እንሄዳለን፣ ከጎንህ እቆማለሁ› አለኝ። ‹እስከ ጠዋት አልናገርም› አለኝ። ለመንኩት እኮ። ኮምፒውተሩ የያዘውን፣ ያን ነገር አጥፋው አልኩት። ‹እሱን ባጠፋውም አንተ ታውቃለህ› አለኝ።»

የሟቹ ሚስት ከመቀመጫዋ ተነሳች። ቀረብ አለችውና ፊቱን ትክ ብላ አየችው።

«ነጭ ሸሚዙን ተኩሼው ነበር፣ ዋርሳዬ፤» አለች። «ከጎንህ ሊቆም የሚለብሰውን። ለመግነዙ አደረግሁት።»

ሳጅኑ ቀጥቃጩን ብብቱን ይዞ አወጣው።

ሞተሩ ብቻውን ያወራል፤ መውጣት መውረዱ ግን እየቀነሰ፣ እያነሰ ሄደ። ኤሌክትሪሺያኑ ከልማዱ የተነሳ ፍርዱን ሊሰማ ወደ በርጩማዋ ዞረ። ባዶ ናት። ቁልፉን ሊያጠፋ የዘረጋው እጁ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

የሟቹ ሚስት ሄዳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። መዳፏን ከፊት ጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ አኖረች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትቀናበት የኖረችውን ድምፅ እስኪረጋ ድረስ አዳመጠችው።

«ልክ ናት፤» አለች። «አሁን አጥፋት።»